ከዳር ስለሚደርሰው ታላቅ ዓሣ

በጂቡቲ ከተማ በሃያብለ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ባሕር ስንጨዋወት በእውነቱ የምንጨዋወተው ስለ መርከብ ነው። መርከቡ ደረሰ ወይስ ገና ነው? ዕቃው ከወደብ ወጣ ወይስ በመጋዘን እንደ ተቀመጠ ነው? ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቈጠረው ኪራይ ስንት ደረሰ? ባቡሩስ ከነጋድ ጣቢያ መቼ ይነሣል? የእኛ የባሕር ነገር ከዚህ ብዙ አያልፍም። ከደጋ የወረደ ሰው ባሕርን እንደ መንገድ እንጂ ፍጥረት እንደሚኖርበት አገር አድርጎ አይቈጥረውም። እኔም በትራንዚት ሥራ በቈየሁበት ዘመን ሁሉ ባሕሩን የማውቀው በወረቀት ነበር ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ባለፈው ኅዳር ወር ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነገር ይህን አስተያየቴን ስለ ለወጠው፣ ነገሩም የእኔ ብቻ ሳይሆን የአስተዳዳሪዎችና የነጋዴዎች ጉዳይ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ በዚህ ጋዜጣ ሐሳቤን ለመግለጽ የክቡራን አንባብያንን ትዕግሥት እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከከተማው በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ አርታ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ዕለቱ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለ ነበረ፣ አንድ ባልደረባዬ ያዋሰኝን ካያክ የምትባል ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ በመኪና ላይ አስሬ ዓሣ ላጠምድ ወደዚያ ወረድሁ። አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ናቸው፤ በወጣትነታቸው በድሬዳዋ ስለ ኖሩ አማርኛውን አሳምረው ይናገራሉ፤ እኛም ሁላችን ሐጂ እያልን እንጠራቸዋለን። እርሳቸው በካያክ አይቀመጡም። «ይህማ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብለው ናቁትና ከአንድ ዘመዳቸው ሁሪ ተዋሱ። ሁሪ ማለት በዚህ ባሕር ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች የሚገለገሉባት ትንሽ ጀልባ ናት።

ከዳሩ 50 ሜትር እንኳ አልራቅንም ነበር። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። መንጠቆዬን ጥዬ ለእራት የሚሆን ዓሣ ስጠብቅ ከካያኳ በታች አንድ ጥላ አለፈ። የደመና ጥላ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እንደ ገና ዝቅ ብዬ ስመለከት፣ ግራጫ ሆኖ ነጫጭ ነጥቦች የተዘሩበት ሰፊ ጀርባ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ራሱ ከፊቴ ሲደርስ ጅራቱ ገና ከኋላዬ ነበር። ካያኳ አራት ሜትር አትሞላም፤ እርሱ ግን ይበልጣታል።

«ሐጂ፣ ሻርክ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አትጩኽ ልጄ፣ አትቅዘፍም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክርህን ሰብስብ፤ መንጠቆው እንዳይዘው። አንተን አይበላህም፤ እርሱ የሚበላው ከዓይንህ ብሌን ያነሰውን ነው።»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ክሩን ሰበሰብሁ። ዓሣው አፉን እንደ ቁና ከፍቶ፣ ውሃውን እየማገ፣ አንድ ጊዜም ሳይቸኩል በአጠገቤ አለፈ። ያን ጊዜ ነበር በጀርባው ላይ ያለውን ያየሁት። አራት ረዣዥም ጠባሳዎች እንደ ማረሻ ትልም እኩል ተከታትለው ተጋድመዋል። ከአራቱ አንዱ ገና አልሻረም ነበር፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ይህ የሞተር ሥራ ነው» አሉ ሐጂ፤ ሌላም አልጨመሩ።

አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ የሚያስፈራሩን በዘንዶው ነበር። እኔ ያገኘሁት ዘንዶ ግን የቈሰለ ሕፃን ነው። ሕፃን ያልሁበትን ምክንያት ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ይህ ፍጥረት ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይባላል። ስሙ ሰውን ያሳስታል። ዓሣ ነባሪ እንደሚታወቀው በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁንም የሚያጠባ እንስሳ ነው፤ ይህኛው ግን በስንጥቡ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ሲሆን፣ ዓሣ ነባሪ የሚል ቅጽል የተጨመረለት ስለ ግዙፍነቱ ብቻ ነው። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ፈጽሞ ያደገው እስከ 18 ሜትር ይደርሳል። ሶማሌዎች ሻርክን በቋንቋቸው የባሕር አንበሳ ይሉታል፤ ይህ አንበሳ ግን ጥርሶቹ የስንዴ ቅንጣት ያህላሉ፤ ሲሳዩም ፕላንክተን የሚባሉት በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት፣ የዓሣ ዕንቍላልና ጥቃቅን ዓሦች ናቸው። ለሊቃውንት የታወቀው ከረጅም ዘመን ወዲህ አይደለም። በ1828 የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው አንድሩ ስሚዝ፣ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ጠረፍ በጦር ተወግቶ የተያዘውን አራት ሜትር ተኩል የሚያህል ዓሣ መርምሮ ስም እስካወጣለት ድረስ በመጽሐፍ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። የዚህ ባሕር አጥማጆች ግን ከዚያ በፊት ያላዩት ይመስል፣ ዓሣውን ስሚዝ አገኘው ተብሎ መጻፉ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እንዲህ ያለው የውቅያኖስ ዓሣ ስለ ምን ከዳር እስከ 50 ሜትር ድረስ ይቀርባል? መልሱ ከምድሪቱ አፈጣጠር የተነሣ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምድር የምትሰነጠቅበት ስፍራ ነው፤ በ1978 በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በዚሁ ስንጥቅ ላይ ነው። ስለዚህ የባሕሩ ወለል እንደ ሌላው ጠረፍ ቀስ በቀስ አይወርድም። ሰው ከዳር ተነሥቶ ጥቂት ሲቀዝፍ ከበታቹ ገደል ይሆናል። ጥልቁ ባሕር ወደ ዳር የቀረበ ስለ ሆነ የጥልቁ ነዋሪም ይቀርባል። የበጋው ሐሩርና ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ ካለፉ በኋላ ደግሞ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነፋሱ ከምሥራቅ መንፈስ ሲጀምር፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይደባለቃልም፤ ፕላንክተኑም ይበዛል። ዓሣው ማዕዱ ወደ ተዘረጋበት ይመጣል። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በአርታ ዳርቻ የሚታየው ስለዚህ ነው። በመንፈቁ ወራት ግን ከዳር አይገኝም።

እንግዲህ ሕፃን ያልሁት ስለዚህ ነው። በ2007 ስለዚሁ ባሕረ ሰላጤ ታትሞ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዚህ የሚሰበሰቡት ዓሦች በአማካይ አራት ሜትር የማይሞሉ፣ አብዛኛዎቹም ወንዶች ናቸው። ይህ ዓሣ ደግሞ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ርዝመቱ ወደ ስምንትና ወደ ዘጠኝ ሜትር ሲጠጋ፣ ዕድሜውም ከ20 ዓመት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ በአርታ ዳር እኛን የሚያስደነግጠን ግዙፍ ገና ለመውለድ ያልደረሰ ልጅ ነው። እናቶቹ እዚህ አይታዩም፤ ስትወልድ በዓይኑ ያየ ሊቅም እስከ ዛሬ የለም። በ1995 በታይዋን የተያዘች አንዲት እንስት ብቻ 300 ያህል ሽል በሆዷ ተገኝቶባት፣ ይህ ዓሣ ዕንቍላሉን በሆዱ ውስጥ ፈልፍሎ ልጅ እንደሚወልድ ተረጋገጠ።

ሊቃውንቱ አንዱን ከአንዱ የሚለዩበት መንገድ ለእኛ ለወረቀት ሰዎች የሚገባ ነው። በጎኑ ላይ የተዘሩት ነጥቦች እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ከስንጥቡ ኋላ ያለውን ጎኑን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ለሰማይ ከዋክብት ካርታ ማስተያያ በተሠራው የሒሳብ ስልት መመርመር በ2005 ታትሞ የወጣ ዘዴ ነው። በዚህ ዓይነት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የታዩ አንዳንዶቹ በሚቀጥሉት ዓመታት ተመልሰው መምጣታቸው ታውቋል። እንግዶች ብለን ብንጠራቸውም ደንበኞች መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ጠባሳው ልመለስ። ያው የ2007 ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ከግማሽ የሚበልጡት ጠባሳ እንዳለባቸው፣ ከጠባሳውም ብዙው የጀልባ ወይም የሞተር ውልብልቢት ሥራ መሆኑን ይናገራል። ይህ ዓሣ ምግቡ በውሃው ገጽ ላይ ስለ ሆነ፣ ሲበላ ከላይ ይሆናል፤ ሲበላም አይቸኩልም፤ ጀልባም ሲመጣበት ገለል ለማለት አይፈጥንም። የቈሰለውን አየን፤ የሞተውን ግን አናየውም። ዓሣ ነባሪ ሲሞት አንዳንድ ጊዜ ተንሳፍፎ ወደ ዳር ይወጣል፤ ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ ሻርኮች የአየር ከረጢት የሌለው ስለ ሆነ ይሰጥማል። በ2022 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት፣ የሬዲዮ ምልክት የታሰረባቸው የዚህ ዓይነት ዓሦች ከሚዘዋወሩበት ባሕር ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው የታላላቅ መርከቦች መተላለፊያ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምልክታቸውም የሚጠፋው ብዙ ጊዜ መርከብ በሚበዛበት ስፍራ ነው። በሒሳብ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል፤ ዕቃው ጐድሏል፣ የጐደለበት ስፍራም ታውቋል፣ ደረሰኝ ግን የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ይህ የጂቡቲ ሕዝብና መንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛ እንግዶች ምን አግብቶን እንናገራለን ይል ይሆናል። እንግድነታችንን አልክድም፤ በሰው ቤት ገብቶ ሕግ ላውጣ ማለትም ነውር ነው። ነገር ግን በዚያ ባሕር የሚያልፈው ዕቃ የማን ነው? ከ1998 ጦርነት ወዲህ ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው የሚተላለፈው በጂቡቲ ነው። የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ በ2009 ሥራ ጀመረ፤ በ2017 ደግሞ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ፣ የታጁራ ወደብና የጉቤት የጨው ወደብ በአንድ ዓመት ተመረቁ። ወደ ጉቤት የሚሄድ መርከብ ባሕረ ሰላጤውን በቁመቱ ያልፋል። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱ የእኛ ነው፤ ቡናውም የእኛ ነው። መንገዱ የኛ ከሆነ በመንገዱ ላይ የሚገጨውም እኛን ይመለከታል።

ከመርከቦቹ ይልቅ እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን ትናንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው። ታላቅ መርከብ ወደ አርታ ዳር 50 ሜትር አይጠጋም። የሚጠጉት ጎብኚ የሚያመላልሱ፣ ከእነርሱም አንዳንዱ ዓሣውን ለማሳየት ሲል በላዩ ላይ የሚነዳ፣ ናቸው። በባሕረ ሰላጤው መካከል ደግሞ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ ጫት የሚያደርሱት ይከንፋሉ። ጫት እንደሚታወቀው የዕለት ዕቃ ነው፤ ጠዋት በሐረርጌ የተቈረጠው ማታ ካልተሸጠ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ ጫኚው ሞተሩን የሚያበርደው ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ከተማ የጫት ንግድ የማይነካው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ከጥቂቶቹ አይደለሁም። የምናገረው በገዛ ኪሴ ላይ ጭምር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የባሕሩ ነገር በሌሎች አገሮች እንዴት እንደ ተያዘ ብንመለከት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በህንድ አገር በጉጃራት ጠረፍ፣ ይኸውም አባቶቻችን ባንያን እያሉ የሚጠሯቸው፣ በምጽዋም በአዲስ አበባም ሱቅ የነበራቸው ነጋዴዎች በመጡበት አገር፣ ዓሣ አጥማጆች ይህን ዓሣ በብዛት ይገድሉ ነበር። የጉበቱን ዘይት የእንጨት ጀልባቸውን ውሃ እንዳያስገባ ይቀቡታል፤ ሥጋውም ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። በ2001 መንግሥት መግደሉን በሕግ ከለከለ። ሕጉን ግን ብዙ አጥማጅ አላወቀውም፤ ያወቀውም መረቡ ውስጥ የገባውን ግዙፍ ለመልቀቅ መረቡን መቍረጥ አለበት፣ መረብም ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ከ2004 ጀምሮ ሞራሪ ባፑ የተባሉ ስመ ጥር ሰባኪ ወደ ጠረፉ እየወረዱ፣ ይህች ዓሣ ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት የመጣች ሴት ልጅ ናት ብለው አስተማሩ። በአገራችንም የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት እንደምትሄድ የሚያውቅ ሰው ይህ ንግግር ምን ያህል ልብ እንደሚነካ ይረዳዋል። የጉጃራት አጥማጆች ያን ጊዜ መረባቸውን እየቈረጡ መልቀቅ ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም በመቶ የሚቈጠሩ ዓሦችን ለቅቀዋል። ስብከቱ መልካም ነው። እኔ እንደ ንግድ ሰው ይበልጥ የወደድሁት ግን ሌላውን ነው፤ ለተቈረጠው መረብ ካሣ ተከፈላቸው። ድሃ አጥማጅ በባዶ ምስጋና መረቡን እንዲቈርጥ መጠየቅ ግፍ በሆነ ነበር።

በፊሊፒንም በ1998 መግደሉ ከተከለከለ በኋላ፣ በዶንሶል ከተማ የቀድሞዎቹ ባለ ጀልባዎች ጎብኚን በማሳየት መኖር ጀመሩ። በአውስትራሊያ በኒንጋሉ ጠረፍ ደግሞ ሥርዓቱ የጠበቀ ነው፤ ለአንድ ዓሣ በአንድ ጊዜ አንድ ጀልባ ብቻ፤ ከዓሣው 250 ሜትር ክልል ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ከስምንት የባሕር ማይል አይበልጥም፤ ወደ ውሃ የሚገባውም ሰው በአንድ ጊዜ ከአሥር አያልፍም። ጎብኚው ይህን ሁሉ እየታዘዘ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይሄዳል።

በአርታ የሚጠየቀው ከጉጃራቱ መረብ እጅግ ያነሰ ነው። ነጋዴ ስለሆንን እናስላው። የጎብኚ ጀልባ ዓሦቹ የሚሰበሰቡበትን የባሕር ዳር ሁለት የባሕር ማይል ያህል ርቀት በሰዓት 20 ማይል ቢያልፈው 6 ደቂቃ ይወስድበታል። ፍጥነቱን ቀንሶ በሰዓት 6 ማይል ቢያልፈው 20 ደቂቃ ይወስድበታል። ልዩነቱ 14 ደቂቃ ነው፤ እርሱም በዓመት ለአራት ወራት ብቻ። የጫት ጀልባ እንኳ ከዳሩ ፈቀቅ ብሎ በመካከሉ ቢያልፍ ይህንንም አይከፍልም። ሰው በሻይ ቤት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሒሳብ ለመክፈል ይቀመጣል።

ሰው ሳይጠግብ ስለ ዓሣ ማሰብ የጥጋበኛ ጨዋታ ነው የሚል ክርክር እሰማለሁ፤ በሃያብለ ደግሞ ይህን የሚለው ሰው እውነት የለውም አልልም። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ስለ ባሕር ጌጥ ማውራት ይከብዳል። ዳሩ ግን ከአርታ ዳር የሚበላው ማን ነው? ጀልባ የሚያከራየው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ መኪና የሚነዳው፣ ሁሪ የሚቀዝፈው ነው። ጎብኚ ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣው ዓሣውን ሊያይ ነው። ዓሣ አጥማጁም ቢሆን ከዚህ ግዙፍ ጋር ጠብ የለውም፤ ሐጂ እንደ ነገሩኝ በእርሱ ጥላ ሥር ተከትለው የሚሄዱ ሌሎች ለገበያ የሚሆኑ ዓሦች አሉና ጥንቃቄ ያለው አጥማጅ ከሩቅ ሆኖ መንጠቆውን ወደ ጎን ይጥላል፤ በዓሣው ፊት ክር አይጐትትም። እኛም ያን ቀን ከእርሱ ካለፈ በኋላ ባዶ እጃችንን አልተመለስንም።

ሕግ የለም ለማለትም አልደፍርም። በ2004 የወጣው የጂቡቲ ሕግ የሙሻንና የማስካሊን ደሴቶች፣ እንዲሁም ከሃያብለ ብዙ የማይርቀውን ከሐራሙስ እስከ ሎያዳ ያለውን ጠረፍ ጥብቅ ስፍራ አድርጓል። በ2016 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ይህን ዓሣ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት መዝገብ አስገብቶታል። ነገር ግን ዓሣው ከድንበር ውጭ ይውላል። በሳዑዲ ዓረቢያ በአል ሊት ጠረፍ ምልክት የታሰረባቸው ወጣት ዓሣ ነባሪ ሻርኮች አብዛኞቹ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ሲዘዋወሩ፣ ጥቂቶቹ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወጥተው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ሄደዋል። ይህም ማለት የምጽዋ፣ የዳህላክና የአሰብ ጠረፍ በመንገዳቸው ላይ ነው። በዚያ ያላችሁ አንባብያን በሳንቡክ ስትሄዱ ነጥብ ያለበት ጀርባ ብታዩ፣ የእኛው የአርታ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከአስተዳዳሪዎች የምለምነው ታላቅ ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ በአርታ ዳርቻ ፊት ለሞተር ጀልባ የፍጥነት ወሰን ይደንገግ፤ ወሰኑንም የሚያሳይ ተንሳፋፊ ምልክት ይተከል፤ ጎብኚ የሚያመላልሰው ባለ ጀልባም ፈቃዱን ሲያድስ ሥርዓቱን አንብቦ ይፈርም። ከነጋዴዎች ወገኖቼ የምለምነው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ዕቃ ለመጫን ከጀልባ ባለቤት ጋር ውል ስንዋዋል ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ብልሽቱ ብዙ አንቀጽ እንጽፋለን፤ በእነዚያ ወራት ከዳር ርቆ እንዲያልፍ አንድ መስመር ብንጨምር ቀለም አይበዛብንም። የዘገየውን 14 ደቂቃ ከሾፌሩ ደመወዝ እንዳንቈርጥ ግን አደራ፤ ሰውየውን የሚያስሮጠው የእኛ ቅጣት ነውና።

ሌላም አለ። በካያክና በሁሪ የሚቀዝፍ ሰው ሞተር የሌለው ስለ ሆነ፣ የጀልባው ነጂ የማያየውን ያያል። በየዓርቡ ከዳር ከሚቀዝፉት አንዱ ያየውን ለሌላው በጨዋታ ይነግረዋል፤ ወሬውም እዚያው ይቀራል። የት፣ መቼ፣ ስንት፣ ምን ያህል ርዝመት፣ ጠባሳ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ከሚቻልም የግራ ጎኑ ፎቶግራፍ ቢታከልበት፣ ለሊቃውንቱም ለሹማምንቱም መረጃ ይሆናል። የፍጥነት ወሰኑ ከወጣም በኋላ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለውን የምናውቀው በዚሁ ነው። ይህን መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት እስኪገኝ ድረስ እኔ በበኩሌ ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዝቼ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ኅዳር፣ ዓርብ፣ ፀሐይ እንደ ወጣች፤ አርታ፣ ከዳር 50 ሜትር፤ አንድ፤ ከካያክ የሚረዝም፤ በጀርባው አራት ጠባሳ፣ አንዱ ያልሻረ። ሁለተኛውን መስመር ሐጂ በታኅሣሥ አስጻፉኝ፤ ሦስት ነበሩ፣ አራት ጠባሳ ያለበት ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ደብተሩ በሃያብለ በቤቴ አለ፤ ያየ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ እጽፍለታለሁ።